ፕሮግራም የሚጽፉ ፕሮግራሞችና የስሕተታቸው ፍለጋ ታሪክ

መግቢያ

አንድ የእጅ ባለሙያ የሠራው ዕቃ ሲሰበር የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ ጉድለቱን ይመረምራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊም በአብዛኛው እንዲሁ ያደርጋል፤ ፕሮግራሙ ሲቆም የቆመበት መስመር ይታወቃል፤ መስመሩም እርሱ ራሱ የጻፈው ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም የሚጽፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ስሕተቱ የሚፈጸመው በአንድ ቦታ፣ የሚታየው በሌላ ቦታ ይሆናል። በተጨማሪም የመነጨው ጽሑፍ ለአንድ አፍታ ተፈጥሮ ወደ ሌላ ማሽን ከተላከ በኋላ በባለሙያው እጅ አይቀርም።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለዓለም አቀፉ ድር በሚሠሩ ባለሙያዎች ፊት የተደቀነው ዐቢይ ችግር ይኸው ነው። በአገልጋይ ኮምፒዩተር (ሰርቨር) ላይ የሚሠራ ስክሪፕት ዋና ተግባሩ ጽሑፍ ማመንጨት ነው፤ ይኸውም ለብራውዘር የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ገጽና የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ፣ ለመረጃ ቋት የኤስ.ኪው.ኤል. ጥያቄ፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ የሼል ትእዛዝ ይጽፋል። እያንዳንዱ ተቀባይ የየራሱ ሰዋስው አለው። ለአንዱ ከቍጥር የማይገባ ምልክት ለሌላው የትእዛዝ መጨረሻ ነው። የዚህ ሙያ የሠላሳ ዓመት ታሪክ ሲመረመር፣ ከታወቁት ስሕተቶች ብዙዎቹ የተፈጠሩት «ይህን ጽሑፍ ቀጥሎ የሚያነበው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በወቅቱ ባለመጠየቁ እንደ ሆነ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቋሚ ገጽ ወደሚመነጭ ገጽ

ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ባለሙያ በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) ሲሠሩ የድርን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረቡት በማርች 1989 ነበር። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው አገልጋይና የመጀመሪያው ብራውዘር ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ የአገልጋዩ ተግባር በዲስክ ላይ የተቀመጠን ፋይል እንዳለ አንሥቶ ለጠያቂው መላክ ነበር። ስሕተት ቢገኝ ፋይሉን ከፍቶ ማረም ይበቃል።

ይሁን እንጂ በ1991 ድሩ ገና በጥቂት ሰዎች እጅ ሳለ የሰርንን ሠራተኞች ከሳቡት አገልግሎቶች አንዱ የድርጅቱ የስልክ ማውጫ ነበር። ማውጫው በትልቁ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ ይገኝ ስለ ነበር ለአንባቢው የሚቀርበው ገጽ አስቀድሞ የተጻፈ አልነበረም፤ ጠያቂው ስም ሲያስገባ ያን ጊዜ የሚፈጠር ነበር። እንግዲህ የሚመነጭ ገጽ ከድሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩ የጋራ ሥርዓት የተበጀለት በአሜሪካ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል (ኤን.ሲ.ኤስ.ኤ.) በሮብ ማኩል የተጻፈ አገልጋይ ያሰራጭ ነበር፤ በ1993 ይኸው አገልጋይ ከውጭ ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት ስምምነት ሲ.ጂ.አይ. በሚል ስም ወጣ። ስምምነቱ እጅግ ቀላል ነው። ጥያቄ በመጣ ቍጥር አገልጋዩ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ያስነሣል፤ የጥያቄውን ዝርዝር ስም በተሰጣቸው ተለዋዋጮች ያስረክበዋል፤ ስክሪፕቱም መልሱን በመደበኛው መውጫ ይጽፋል። መልሱ በመጀመሪያ የይዘቱን ዓይነት የሚገልጽ ራስጌ፣ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያም ገጹን መያዝ አለበት። የስምምነቱ 1.1 እትም በኢንተርኔት ሰነዶች ተከታታይ ውስጥ ቍጥር 3875 ተሰጥቶት የታተመው በኦክቶበር 2004 ነው። ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የተሠራው በማእከሉ መግለጫና በልማድ ነበር።

«የውስጥ ስሕተት» የሚለው አጭር መልስ

የስምምነቱ ቀላልነት ለብዙ ሰው በር ከፈተ፤ ላሪ ዎል በ1987 ያወጡት ፐርል የተባለው ቋንቋም ጽሑፍን ለማቀናበር የተመቸ ስለ ነበር የዘመኑ ዋና መሣሪያ ሆነ። ነገር ግን ስክሪፕቱ ሲሰናከል አንባቢውም ባለሙያውም የሚያዩት አንድ ዓይነት መልስ ነበር፤ ይኸውም ቍጥር 500፣ «የአገልጋዩ የውስጥ ስሕተት» የሚል ነው። በ1995 በኤን.ሲ.ኤስ.ኤ. አገልጋይ ላይ ተመሥርቶ የወጣው አፓቼ በስሕተት መዝገቡ ውስጥ ትንሽ ያክልበት ነበር፤ የስክሪፕቱ ራስጌ ያለ ጊዜው ተቋረጠ ይላል። የተቋረጠበትን ምክንያት ግን አይናገርም። ለዚህ አንድ መልስ ምክንያት የሚሆኑት ብዙ በመሆናቸው ጥቂቶቹን መመልከት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው ባዶ መስመር ነው። ለሰው ዓይን ባዶ መስመር ምንም ነው፤ ለአገልጋዩ ግን ራስጌው አብቅቶ ገጹ የሚጀምርበት ድንበር ነው። ድንበሩ ከተረሳ አገልጋዩ የገጹን የመጀመሪያ መስመር እንደ ራስጌ ለማንበብ ይሞክርና ይሰናከላል።

ሁለተኛው ከዊንዶስ ማሽን የመጣ ፋይል ነው። ዊንዶስ መስመርን የሚሰብረው በሁለት ምልክት፣ ዩኒክስ ግን በአንድ ነው። ስክሪፕቱ በዊንዶስ ላይ ተጽፎ ሳይለወጥ ወደ ዩኒክስ አገልጋይ ከተላለፈ፣ የፐርልን አድራሻ በሚጠቅሰው የመጀመሪያ መስመር መጨረሻ ላይ አንድ የማይታይ ምልክት ተለጥፎ ይቀራል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ያን ምልክት የስሙ አካል አድርጎ ስለሚፈልግ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ይመልሳል። ባለሙያው ግን ፋይሉን ከፊት ለፊቱ ያየዋል። ጀማሪዎችን ረጅም ሰዓት ካስጨነቁት ችግሮች አንዱ ይህ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ረቂቅ ነው። ፐርል የሚጽፈውን ጽሑፍ ወዲያው አይልክም፤ በጊዜያዊ ማቆያ ያጠራቅማል። ስክሪፕቱ ራስጌውን ጽፎ ቀጥሎ ሌላ ፕሮግራም ቢያስነሣ፣ የተነሣው ፕሮግራም ውጤት ከማቆያው ውስጥ ካለው ራስጌ ቀድሞ ሊወጣ ይችል ነበር። በተርሚናል ላይ ሲሞከር ግን ማቆያው መስመር በመስመር ስለሚለቀቅ ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆኖ ይታይ ነበር። ስለሆነም ስክሪፕቱ በባለሙያው ፊት ይሠራ፣ በአገልጋዩ ሥር ይሰናከል ነበር።

ከእነዚህ ሌላ የፈቃድ ጕዳይ አለ። አገልጋዩ ስክሪፕቱን የሚያስነሣው በባለሙያው ስም ሳይሆን ጥቂት መብት ባለው በሌላ ተጠቃሚ ስም ነው፤ የፋይል ፈቃዱም፣ ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው መንገዶች ዝርዝርም የተለየ ነው። «በእኔ ዘንድ ይሠራል» የሚለው የባለሙያዎች የተለመደ መልስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው። ከዚህ ሁሉ የተገኘው የመጀመሪያ ትምህርት፣ ስክሪፕቱን አገልጋዩ በሚያስነሣበት ሁኔታ አስነሥቶ የመነጨውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ማንበብ ነው።

የመስመር ቍጥር ጥያቄ

ራስመስ ሌርዶርፍ የግል ገጻቸውን ጎብኚዎች ለመቍጠር በ1994 የጻፏቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች በጁን 1995 ለሕዝብ አወጡ። ይህ ሥራ አድጎ ፒ.ኤች.ፒ. የተባለው ቋንቋ ሆነ፤ በ1998 በወጣው ሦስተኛ እትምም በዓለም ተስፋፋ። ከፐርል ጋር ሲነጻጸር አሠራሩ የተገለበጠ ነው። የፐርል ስክሪፕት በፕሮግራም ውስጥ ገጽ ሲጽፍ፣ ፒ.ኤች.ፒ. በገጽ ውስጥ ፕሮግራም ይሰካል። ከስክሪፕቱ ምልክት ውጭ ያለ ማንኛውም ፊደል፣ ባዶ ቦታም ቢሆን፣ በቀጥታ ወደ አንባቢው ይሄዳል። በመሆኑም በፋይሉ አናት ላይ የተረሳ አንድ ባዶ መስመር ራስጌውን ቀድሞ ይወጣና በኋላ ራስጌ ለመላክ የሚሞክረውን ትእዛዝ ያሰናክላል። የቋንቋው ማስጠንቀቂያ ግን በዚህ ረገድ አርአያ የሚሆን ነው፤ ራስጌው አስቀድሞ ተልኳል ብሎ አይቆምም፤ ጽሑፉ መውጣት የጀመረበትን ፋይልና መስመር ጭምር ይናገራል። ስሕተቱ የታየበትንና የተፈጠረበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል ማለት ነው።

ይህን ያላደረጉ መሣሪያዎች ባለሙያውን ብዙ አድክመዋል። በ1999 የወጣው ጄ.ኤስ.ፒ. የተባለው አሠራር ገጹን በመጀመሪያ ወደ ጃቫ ፕሮግራም ይለውጠዋል፤ ከዚያ ጃቫው ተተርጕሞ ይሠራል። ፕሮግራሙ ሲሰናከል የሚነገረው የመስመር ቍጥር የመነጨው ጃቫ ቍጥር እንጂ ባለሙያው የጻፈው ገጽ ቍጥር አልነበረም። ሠላሳ መስመር ጽፎ በመቶ አርባኛው መስመር ላይ ስሕተት እንዳለበት የሚነገረው ሰው የመነጨውን ፋይል ከአገልጋዩ የሥራ ማኅደር ፈልጎ ማንበብ ነበረበት። ለዚህ መፍትሔ የሚሰጠው የጃቫ ደንብ ቍጥር 45 የተጠናቀቀው በ2003 ነው።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው መፍትሔው ከድሩ በፊት የታወቀ መሆኑ ነው። ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላቦራቶሪ በ1970ዎቹ የጻፉት ያክ የተባለው መሣሪያ የሰዋስው ዝርዝር ተቀብሎ የሲ ቋንቋ ፕሮግራም ያመነጭ ነበር። በመነጨው ፕሮግራም ውስጥም «ይህ መስመር የመጣው ከዚህ ፋይል፣ ከዚህ መስመር ነው» የሚል ምልክት ስለሚተው፣ ኮምፓይለሩ ስሕተቱን በመጀመሪያው ጽሑፍ ቍጥር ይናገራል። ለብራውዘር ከሌላ ቋንቋ ተለውጦ የሚላክ ጃቫስክሪፕት የምንጩን ካርታ ይዞ መሄድ የተለመደው ግን በ2010ዎቹ ነው። አንዱ ትውልድ ያገኘው ዘዴ ለሚቀጥለው ሳይደርስ ቀርቶ እንደ አዲስ መፈልሰፍ ነበረበት።

ብዙ ቋንቋ በአንድ መስመር

እስካሁን የተገለጹት ስሕተቶች ሥራን የሚያቆሙ ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ አደገኛ የሆኑት ሥራን የማያቆሙት ናቸው። ለምሳሌ ያህል አንድ ስክሪፕት የደንበኛን ስም ከቅጽ ተቀብሎ በነጠላ የጥቅስ ምልክት መካከል በማስገባት የኤስ.ኪው.ኤል. ጥያቄ ቢጽፍ፣ ስሙ ተራ እስከ ሆነ ድረስ ችግር የለም። በስሙ ውስጥ እንደ አይሪሾች ልማድ ነጠላ ጥቅስ ካለበት ግን ምልክቱ ጥቅሱን ይዘጋና ቀሪው ስም ትእዛዝ ይሆናል። ያን ቀን የሚታየው የሰዋስው ስሕተት ነው። ሆን ብሎ የተዘጋጀ ስም ሲገባ ግን ምንም ስሕተት አይታይም፤ የመረጃ ቋቱ የታዘዘውን ይፈጽማል። ይህ ዘዴ በዲሴምበር 1998 ፍራክ በተባለው የኮምፒዩተር መጽሔት 54ኛ እትም ላይ በይፋ ተገልጿል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በማርች 1996 ሰርት የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ማእከል ስለ አንድ ስክሪፕት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ስክሪፕቱ ከኤን.ሲ.ኤስ.ኤ.ና ከአፓቼ አገልጋዮች ጋር በምሳሌነት የሚታደል ሲሆን ተግባሩ የስልክ ማውጫ መጠየቅ ነበር። ከጠያቂው የሚመጣው ቃል ለሼል ከመተላለፉ በፊት አደገኛ ምልክቶች ልዩ ኃይላቸውን እንዲያጡ የሚያደርግ ክፍል ነበረው። የምልክቶቹ ዝርዝር ረጅም ሆኖ አንድ ብቻ ጎድሎት ነበር፤ እርሱም የመስመር መስበሪያው ነው። ለሼል አዲስ መስመር አዲስ ትእዛዝ በመሆኑ፣ ከሩቅ ያለ ሰው በስልክ ማውጫው በኩል የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ቻለ። የድሩን ጥቅም ያስተዋወቀው የስልክ ማውጫ አደጋውንም አስተዋወቀ።

በብራውዘር ወገን ያለው ችግርም ተመሳሳይ ነው። ጃቫስክሪፕት ከ1995 ጀምሮ በገጽ ውስጥ መሥራት ሲጀምር ከውጭ የመጣ ቃል በገጹ ላይ ተመልሶ ከተጻፈ ትእዛዝ ሊሆን እንደሚችል የዚሁ ማእከል የፌብሩዋሪ 2000 ማስጠንቀቂያ አስታወቀ። በኦክቶበር 2005 ማይስፔስ በተባለው መገናኛ ላይ የተለቀቀ አንድ ስክሪፕት ከአንዱ አባል ገጽ ወደ ሌላው ራሱን እየገለበጠ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ገጽ አዳረሰ። ድርጅቱ «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ከገጾች ላይ ያስወግድ ነበር። ሆኖም ቃሉ በመካከሉ በመስመር መስበሪያ ሲከፈል ማጣሪያው አላወቀውም፤ አንዳንድ ብራውዘሮች ግን መስበሪያውን ትተው ቃሉን ገጥመው ያነቡት ነበር። በ1996 የተረሳው ምልክት በ2005 ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የመፍትሔ ፍለጋውም የራሱ ስሕተት ነበረው። ፒ.ኤች.ፒ. ከቅጽ በሚመጣ በማንኛውም ጥቅስ ፊት ባክስላሽ የተባለውን ምልክት በራሱ የሚጨምር አሠራር ለብዙ ዓመታት ነበረው። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ወደ መረጃ ቋት ይሂድ፣ ወደ ገጽ ይሂድ፣ ወይም ወደ ደብዳቤ ይሂድ ሳያውቅ ሁሉንም በአንድ መንገድ ይለውጥ ነበር። ጠንቃቃው ባለሙያ ራሱ ሲጨምርበት ምልክቱ እጥፍ ሆነ፤ የሰዎች ስም በባክስላሽ ተሞልቶ በገጽ ላይ ታየ። አሠራሩ በ2012 በወጣው 5.4 እትም ተሰረዘ። የጸናው መፍትሔ ትእዛዝንና መረጃን በተለያየ መንገድ መላክ ነው፤ ለመረጃ ቋት ጥያቄው አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ቃሉ ለብቻው ይከተላል። ለገጽም ጃንጎ በ2008 በ1.0 እትሙ፣ ሬይልስ በ2010 በ3.0 እትሙ ቃላትን በሚጻፉበት ቅጽበት የመጠበቅን ሥራ ከባለሙያው ትውስታ ወስደው ለመሣሪያው ሰጡ።

ይሁንና በሴፕቴምበር 2014 ባሽ በተባለው ሼል የተገለጸው ጉድለት የቆየ ነገር ሁሉ የተመረመረ እንዳልሆነ አስታወሰ። ባሽ በተለዋዋጮች ውስጥ የሚገኝን ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ሊፈጽም የሚችልበት ስሕተት ከ1989 ገደማ ጀምሮ ነበረው። ያን ጊዜ ተለዋዋጮቹን የሚጽፈው የማሽኑ ባለቤት ስለ ነበር ጉዳት አልታየም። ሲ.ጂ.አይ. በ1993 የማያውቁትን ሰው ቃል በእነዚሁ ተለዋዋጮች ውስጥ ሲያስቀምጥ ጸሐፊው ተለወጠ። አንባቢው ግን አልተነገረውም።

የግዕዝ ፊደልና የባይት ቍጥር

በአማርኛ ገጽ የሚያመነጩ ባለሙያዎች ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸው ፈተና ነበረባቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በድር ላይ የተለመደው ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 የተባለው አጻጻፍ ለአንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው ለተለመዱት የግዕዝ ፊደሎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም» የሚለው ቃል ለአንባቢ ሦስት ፊደል፣ ለአገልጋዩ 9 ባይት ነው። ስክሪፕቱ የገጹን ርዝመት በፊደል ቈጥሮ በራስጌው ላይ ቢያስታውቅ፣ ብራውዘሩ ያን ያህል ባይት ብቻ ስለሚቀበል በግዕዝ ፊደል ብቻ ከተጻፈ ገጽ የሚታየው ሲሶው ይሆናል። ያው ስክሪፕት በእንግሊዝኛ ሲሞከር እንከን የለበትም።

የዊንዶስ ኖትፓድም ፋይልን በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ሲያስቀምጥ ሦስት የማይታዩ ባይቶች በአናቱ ላይ የመጨመር ልማድ ነበረው፤ ይህ የተለወጠው በ2019 ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የያዘ የፒ.ኤች.ፒ. ፋይል በዚህ መንገድ ሲቀመጥ «ራስጌው ተልኳል» የሚለው ማስጠንቀቂያ በመስመር ቍጥር 1 ላይ ይመጣል፤ በዚያ መስመር ላይ ግን ምንም አይታይም። ከሁሉ የከፋው የመረጃ ቋቱ ጕዳይ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በ2018 የ8.0 እትሙ እስኪወጣ ድረስ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራው በላቲን ፊደል ሥርዓት ነበር። የማይችለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ከጻፈ በኋላ የሰውዬውን ስም መልሶ ማግኘት አይቻልም። የገጽ ስሕተት ይታረማል፤ የጠፋ ስም ግን ሰውዬው ዳግም ካልተናገረው በቀር አይመለስም።

መግለጥና መደበቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የፐርል ባለሙያዎች ይህን ተረድተው ስሕተቱ ከመዝገብ ወጥቶ በብራውዘር ላይ በቀጥታ እንዲታይ የሚያደርግ መሣሪያ አበጁ፤ ሊንከን ስታይን በ1995 ካወጡት የሲ.ጂ.አይ. ክፍል ጋር አብሮ ይታደል ነበር። ፒ.ኤች.ፒ.ም ተመሳሳይ ማብሪያ ነበረው። ለሚሠራው ሰው ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ያው ገጽ የፋይሎችን አድራሻ፣ የመረጃ ቋቱን ጥያቄ፣ የሠንጠረዦችን ስም ለማንም አላፊ አግዳሚ ይገልጣል። ጥያቄውን በጥቅስ ምልክት የሚነካካው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መግለጥ ለሌባ፣ መደበቅ ለበሽታው የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ።

ልምድ ያስተማረው መካከለኛ መንገድ፣ ለአንባቢው አጭር ይቅርታና አንድ መለያ ቍጥር መስጠት፣ ዝርዝሩን በዚያው ቍጥር በአገልጋዩ መዝገብ መጻፍ ነው። ሕመምተኛው ለሐኪሙ ይናገራል እንጂ በአደባባይ አይጮኽም። ይህ የሚሠራው ግን መዝገቡን በየጊዜው የሚያነብ ሰው ካለ ነው።

በአጠቃላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሣሪያዎቹ ደጋግመው ተለውጠዋል፤ የስሕተቱ ባሕርይ ግን አልተለወጠም። ዛሬ በትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች አማካይነት ኮድ የሚያመነጩ ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ በመግባታቸው፣ ባለሙያው ራሱ ያልጻፈውን ጽሑፍ የመመርመር ግዴታው ይበልጥ ሰፍቷል። ያለፈው ታሪክ የሚተወው የሥራ ደንብ ጥቂት ነው፤ የመነጨውን ጽሑፍ ሳይላክ ይዞ ማንበብ፣ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነና ምን ምልክት እንደ ትእዛዝ እንደሚቈጥር መጠየቅ፣ የመጣበትን መስመር ምልክት ትቶ ማለፍ፣ ስሕተቱንም ሊያርመው በሚችል ሰው ፊት መመዝገብ። እነዚህ ደንቦች የተገኙት ባዶ መስመር ሲፈልጉ ባደሩ ሰዎች ድካም በመሆኑ፣ አዲሱ ትውልድ እንደ ያክ ምልክት ረስቷቸው እንደ ገና እንዲፈለስፋቸው መተው አይገባም።